ገበና ሸፋኙ ጓንት፦ ኪት ሄርናንዴዝ ለምን ደጅ ላይ ቀረ?

ጨዋታው ቤዝቦል ነው። የተመታው ኳስ መሬት ለመሬት እየነጠረ ወደ ሾርትስቶፑ፣ በሴኮንድና በሰርድ ቤዝ መካከል ወደሚቆመው ተከላካይ፣ ይሄዳል። ሾርትስቶፑ ሮጦ፣ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል። ጊዜ የለውም። እግሩን እንኳ ሳያስተካክል ወደ ፈርስት ቤዝ፣ መቺው ሮጦ ሊደርስበት ወደሚፈልገው የመጀመሪያ ማረፊያ፣ ይወረውራል። ውርወራው ያጥራል። ኳሱ ቤዙ ጋ ሳይደርስ አፈሩን መትቶ ይነጥራል። ፈርስት ቤዝማኑ አንድ እግሩን ቤዙ ላይ እንደተከለ ወደፊት ይለጠጣል፤ ጓንቱን ከመሬቱ ጋር አስተካክሎ ኳሱን ከአቧራው ውስጥ ዛቅ ያደርገዋል። ዳኛው ቡጢውን ይጨብጣል። ሯጩ አውት ነው፤ ማለትም ከሩጫው ወጥቷል።

መዝገብ ያዡ ምን ይጽፋል? «6-3»። በቃ። 6 የሾርትስቶፑ ቁጥር ነው፣ 3 የፈርስት ቤዝማኑ። አንዱ ወረወረ፣ ሌላው ያዘ ማለት ነው። ኳሱ ደረቱ ላይ ለስለስ ብሎ ቢመጣለትም የሚጻፈው ይኸው «6-3» ነው። ባይዘውስ ኖሮ? ስህተቱ በወርዋሪው ስም ይመዘገብ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ቢይዝ አይመሰገን፣ ቢያመልጠው አይወቀስ። የጓደኛውን ጥፋት ግን ጥፋት እንዳይባል አድርጎታል። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ገበና ከታች እንለዋለን።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ገበና ከታች ነው። ኪት ሄርናንዴዝ ይባላል። ፈርስት ቤዝን እንደሱ የጠበቀ ሰው የለም ቢባል ከቤዝቦል አዋቂዎች የሚከራከር ብዙ አይገኝም። ከ1978 እስከ 1988 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 11 ጊዜ በተከታታይ ጎልድ ግላቭን፣ ማለትም ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን ወርቃማ ጓንት ወስዷል። በዚያ ቦታ ይህን ያህል የወሰደ ሌላ የለም። በሁለት ክለቦች ሁለት ጊዜ ዋንጫ በልቷል። በ1979 የሊጉ ኮከብ ተብሏል። ኒውዮርክ ግዛት፣ ኩፐርስታውን ወደሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ፣ ሆል ኦፍ ፌም የሚሉት ማለት ነው፣ ግን አልገባም።

ወሬውን እንደገና የቀሰቀሰው የ2025 ዲሴምበር ምርጫ ነው። በዋናው ምርጫ ያላለፉ የቀድሞ ተጫዋቾችን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ስምንት ስሞች ቀርበውለት ነበር። ከስምንቱ ሁለቱ ፈርስት ቤዝማኖች ናቸው፤ ዶን ማቲንግሊ እና ካርሎስ ዴልጋዶ። ሄርናንዴዝ ዝርዝሩ ውስጥ እንኳ አልገባም። በመጨረሻ ያለፈው ጄፍ ኬንት ብቻ ነው። ኬንት ሴኮንድ ቤዝ ላይ ይጫወት የነበረ፣ ስሙን ያስጠራው ግን ዱላው የሆነ ሰው ነው።

እኔ እንደማየው፣ ሄርናንዴዝ የተቀጣው ዋና ሥራውን የሚጽፍ ዓምድ መዝገቡ ላይ ስላልነበረ ነው። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ቤዝቦል ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላብራራ። የሚያውቅ ይህችን አንቀጽ ይዝለላት። አራት ቤዞች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 27 ሜትር ከምናምን ነው። ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ፒቸር ይባላል። መቺው ኳሱን ከመታ ዱላውን ጥሎ ወደ ፈርስት ቤዝ ይሮጣል። እሱ ከመድረሱ በፊት ኳሱ ቤዙን በረገጠው ፈርስት ቤዝማን ጓንት ውስጥ ከገባ አውት ነው። ሯጩ አራቱንም ቤዞች ዞሮ ከተመለሰ ደግሞ ለቡድኑ አንድ ራን ይቆጠራል፤ ራን እንደ ጎል ነው። ስለዚህ መሬት ለመሬት የተመታ ኳስ ማንም ያንሳው ማን፣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ፈርስት ቤዝማኑ እጅ ነው። ሙሉ የውድድር ዓመት የተጫወተ ፈርስት ቤዝማን ከሺህ በላይ አውት በስሙ ይመዘገባል። ከሺዎቹ ብዙዎቹ ታዲያ የሌላ ሰው ልፋት ናቸው።

ከዚህ የተነሳ የቆየ አመለካከት አለ። ፈርስት ቤዝ ማለት ቆሞ መቀበል ነው፤ ማንም ይችለዋል። ክለቦችም ዱላው ከባድ፣ እግሩ ዘገምተኛ የሆነውን ግዙፍ ሰው እዚያ ያቆሙታል። ሰፈር ውስጥ ኳስ ስንጫወት የማይችለውን ልጅ «አንተ በረኛ ሁን» እንደምንለው ነው። በረኛነት ቀላል ስለሆነ አልነበረም እዚያ የምናቆመው። ሌላ ቦታ ስለማይሆን ነበር። በኋላ ጎል ሲገባ ነው ነገሩ የሚገባን።

ሄርናንዴዝ ይህን ቦታ ሌላ ሥራ አደረገው። መጀመሪያ ነገር ግራኝ ነው። ግራኝ መሆን እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ጓንቱ በቀኝ እጅ ስለሚገባ ወደ ሜዳው መሐል ይዞራል፤ በእሱና በሴኮንድ ቤዝማኑ መካከል የሚያልፈውን ኳስ ሳይጠማዘዝ ይደርስበታል። ወደ ሴኮንድ ወይም ወደ ሰርድ ቤዝ መወርወር ሲፈልግ ደግሞ የወርዋሪ እጁ ቀድሞውኑ ወደዚያው ዞሯል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ፈርስት ቤዝማን መጀመሪያ ሰውነቱን ማዞር አለበት። ያቺ ግማሽ ሰከንድ ቀላል እንዳትመስላችሁ። ሯጭ የሚተርፈውም የሚወጣውም በእሷ ነው።

ሁለተኛው ድፍረቱ ነው። ከቤዙ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሌሎች «ቤዜን ትቼ ከሄድኩ ማን ይጠብቅልኛል» ብለው ሲሰጉ፣ እሱ ፒቸሩ ሮጦ ይሸፍንልኛል ብሎ ይተማመናል። ስለዚህ ሌላ ሰው ላይ ቢመታ አልፎ የሚሄድ ኳስ እሱ ጋ ይቀራል።

ሦስተኛው በንት ላይ ያደርገው የነበረው ነገር ነው። በንት ማለት መቺው ዱላውን ሳይወነጭፍ አግድም ይዞ ኳሱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ የሚጥልበት ዘዴ ነው። ራሱን መሥዋዕት ያደርግና ቤዝ ላይ ያለውን ጓደኛውን አንድ እርምጃ ያስጠጋዋል። ተከላካዩም አብዛኛውን ጊዜ ስጦታውን ይቀበላል፤ መቺውን አውት ያደርግና ሯጩን ይለቀዋል። ሄርናንዴዝ ይህን ስጦታ አይፈልግም። ፒቸሩ ክንዱን ሲያነሳ እሱ ወደ መቺው ይንደረደራል። አንዳንዴ መቺው ዱላውን ሲያጋድም ፊቱ ላይ ደርሶ ያገኘዋል። ኳሱን ያፍስና የሚወረውረው ከፊት ወዳለው ሯጭ ነው። ብዙ ሂት (ቤዝ የሚያደርስ ምት ማለት ነው) በመምታት የሊጉን ክብረ ወሰን የያዘው ፒት ሮዝ፣ ሄርናንዴዝ ባለበት በንት ማድረግ በቅርጫት ኳስ ያ ታላቅ ተከላካይ ቢል ራስል ቆሞ ሳለ ወደ ቀለበቱ ሰንጥቆ እንደመግባት ነው ብሎ ነበር ይባላል።

አንዷን ላሳያችሁ። ጁላይ 22 ቀን 1986፣ ሲንሲናቲ። ኒውዮርክ ሜትስ ከሬድስ ጋር ይጫወታል። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ኢኒንጎች ገብቷል፤ ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር ነው። በመሐል ቡጢ ተነስቶ ሰው ተባርሯል። ሜትስ ሰው ስላነሰው ፒቸሮቹን ጄሲ ኦሮስኮን እና ሮጀር ማክዳወልን እያፈራረቀ ሜዳው ጥግ ያቆማቸዋል። ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ የፒቸሩን ኳስ የሚቀበለው) ጋሪ ካርተር የማያውቀው ቦታ፣ ሰርድ ቤዝ ላይ ተተክሏል። የሬድስ ሁለት ሯጮች ፈርስት እና ሴኮንድ ቤዝ ላይ ናቸው። መቺው ፒቸሩ ካርል ዊሊስ ነው፤ በንት እንደሚያደርግ ስታዲየሙ በሙሉ ያውቃል።

በንቱን አደረገ። ሄርናንዴዝ ቀድሞ ተንደርድሮ መጥቷል። ኳሱን አንስቶ ሳይዞር ወደ ሰርድ ቤዝ ላከው። ካርተር ያዘ፤ አንዱ አውት። ካርተር ወዲያው ወደ ፈርስት ቤዝ ወረወረ። ፈርስት ቤዝን ያኔ የሚጠብቀው ሴኮንድ ቤዝማኑ ቲም ቱፍል ነበር፤ ባለቤቱ ወደ መቺው ሄዷላ! ቱፍል ያዘ፤ ሁለተኛው አውት። ከሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አራት። ቤዝቦል ዕድሜ ልኩን የተመለከተ ሰው እንኳ እንዲህ የተጻፈ ነገር ስንቴ እንዳየ በጣቱ ይቆጥራል። ሜትስ በ14ኛው ኢኒንግ 6 ለ 3 አሸነፈ። በማግስቱ ብዙ የተወራው ግን ስለ ቡጢው ነው።

እዚህ ላይ የግሌን ነገር ልጨምር። እኔ ቤዝቦልን የለመድኩት ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በቴሌቪዥን ነው። ለረጅም ጊዜ ፈርስት ቤዝማን የሚባለው ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ነበር። ካሜራው ኳሱን ይከተላል፤ ሰውዬውን የምናየው ኳሱ እሱ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ስታዲየም ገብቼ ከላይ ስመለከት ነው ዓይኔ የተከፈተው። ፒቸሩ ገና ሳይወረውር ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ለሴኮንድ ቤዝማኑ በጣቱ ምልክት፣ ለፒቸሩ ጩኸት። ግማሹ ሥራ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ያልቃል። ቴሌቪዥን ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ሄርናንዴዝ በዚህ በኩል ሜዳ ላይ ያለ አሰልጣኝ ነበር ይላሉ አብረውት የተጫወቱት። በጣም የሚወራለት ታሪክ የ1986ቱ ነው። ሜትስ ከሂዩስተን አስትሮስ ጋር ለዓለም ሲሪስ፣ ለዋንጫው የመጨረሻ ፍልሚያ፣ ለማለፍ ይጫወታል። ጨዋታው 16ኛ ኢኒንግ ደርሷል። ሜትስ 7 ለ 6 ይመራል፤ አስትሮስ ሯጮች አሉት፤ ኦሮስኮ እጁ ዝሏል። መቺው ኬቨን ባስ ነው። ሄርናንዴዝ ከቦታው ተነስቶ ፒቸሩና ካቸሩ ጋ ሄደ። ከእንግዲህ አንዲት ቀጥተኛ ፈጣን ኳስ ብትጠሩ እንደባደባለን አላቸው፤ ቃል በቃል ባይሆንም መልእክቱ ይኸው ነበር። ባስ ከዚያ ያየው ሁሉ የሚታጠፍ ኳስ ነው። ዱላውን አየር ላይ ወነጨፈና ጨዋታው አለቀ። ለዚህ ምክር የሚጻፍ ቁጥር አለ? የለም።

የሰውየው ሕይወት በራሱ ተረት ይመስላል። ሳን ፍራንሲስኮ በ1953 ተወለደ። አባቱ በታችኛው ሊግ ፈርስት ቤዝ ይጫወት ነበር፤ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆነ። ልጁን ያሠለጠነው እሱ ነው። ልጁ ግን የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቱን ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቶ ሳይጫወት ቀረ። «ጸባዩ አስቸጋሪ ነው» የሚል ስም ወጣለት። በ1971 ክለቦች ወጣቶችን ሲመርጡ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የወሰደው በ42ኛው ዙር ነው። 42ኛ ዙር ማለት እንዲያው ስሙን ለመጻፍ ያህል ነው፤ ከዚያ የተጠራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የትም አይደርስም።

እሱ በ1974 ዋናው ሊግ ገባ። በ1979 ሊጉን በምት አማካይ መራ፤ ከመቶ ሙከራው ከ34 በላዩ ሂት ነበር። በዚያ ዓመት የኮከብነት ምርጫ ከዊሊ ስታርጄል ጋር 216 ለ 216 እኩል ወጡና ሽልማቱን ተካፈሉ። በምርጫው ታሪክ እኩል የወጣ ሌላ ጊዜ የለም። በ1982 ካርዲናልስ ዋንጫ በላ።

በ1983 ጁን 15 ቀን ካርዲናልስ ለሜትስ ሰጠው። የተሰጠው በኒል አለን እና በሪክ ኦውንቢ፣ በሁለት ፒቸሮች ነው። ከአሰልጣኙ ከዋይቲ ኸርዞግ ጋር አልተጣጣመም ነበር። ሜትስ ያኔ ጭራ ነው። በዚያ ዓመት 94 ጨዋታ ተሸንፏል። ሄርናንዴዝም ሲሰማ ዱብ ዕዳ ነው የሆነበት። በሚቀጥለው ዓመት ሜትስ 90 ጨዋታ አሸነፈ። በ1986 ደግሞ 108። ይህ ሁሉ በእሱ መጣ አልልም፤ ድዋይት ጉድን የሚባል እሳት የላሰ ወጣት ፒቸር ነበረ፣ ዳሪል ስትሮውቤሪ ነበረ፣ ካርተር መጣ። በልውውጡ ማን እንደተሞኘ ግን ዛሬ የሚጠይቅ የለም።

የሚያስከፋውን ደግሞ ላንሳው፤ ብዘለው ማድበስበስ ይሆናል። በ1985 ፒትስበርግ ውስጥ በተካሄደ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ላይ ሄርናንዴዝ ምስክር ሆኖ ቀረበና ኮኬይን ይወስድ እንደነበር አመነ። በማግስቱ ዓመት የሊጉ ኮሚሽነር ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር የዓመት እገዳ ወሰነበት፤ ከደመወዙ 10 በመቶ ለዕፅ መከላከያ ከሰጠና የማኅበረሰብ አገልግሎት ከሠራ እገዳው እንዳይፈጸም ፈቀደ። ሰጠ፣ ሠራ፣ ተጫወተ። ከችሎቱ ሲመለስ የኒውዮርክ ተመልካች ቆሞ አጨበጨበለት። ሆል ኦፍ ፌም የሚመርጡት ጋዜጠኞች ግን እንደ ተመልካቹ ሆድ ሰፊ መሆናቸውን እጠራጠራለሁ።

የ1986ቱ የዓለም ሲሪስ የፈርስት ቤዝን ዕጣ በአንድ ሌሊት ያሳየ ነው። ስድስተኛው ጨዋታ፣ አሥረኛው ኢኒንግ። ቦስተን ሬድ ሶክስ በሁለት ራን ይመራል፤ ዋንጫው ደጁ ላይ ነው። ሄርናንዴዝ መታ፤ ኳሱ አየር ላይ ተያዘ። ሁለተኛው አውት። አበቃ ብሎ ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ገባና ቢራ ከፍቶ በቴሌቪዥን ማየት ጀመረ። ሜትስ አንድ ሂት መታ። ሌላ መታ። ሌላም። ሄርናንዴዝ ወንበሩ ገድ አለው ብሎ ከዚያ አልነቃነቅም አለ። እኩል ሆኑ። ከዚያ ሙኪ ዊልሰን የመታት ቀላል ኳስ ወደ ቦስተኑ ፈርስት ቤዝማን ወደ ቢል በክነር ተንከባለለችና በእግሮቹ መካከል አለፈች። ሜትስ አሸነፈ። በሰባተኛው ጨዋታ ሄርናንዴዝ ራሱ፣ 3 ለ 0 እየተመሩ፣ ሁለት ራን ያስገባ ሂት መታና ማዕበሉን አዞረው። ዋንጫው የሜትስ ሆነ።

በክነር 2,715 ሂት የመታ ሰው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ በግድ ነበር የሚራመደው። በሌሎች ጨዋታዎች መጨረሻ ላይ ዴቭ ስቴፕልተን የሚባል የተሻለ ተከላካይ ይተካው ነበር፤ ያን ሌሊት አሰልጣኙ አልቀየረውም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አገሩ የሚያውቀው በዚያች ኳስ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ፈርስት ቤዝ እንዲህ ነው። ሺህ ብትይዝ ማንም አይቆጥርልህም፤ አንዷ ብታመልጥህ ስምህ ይሆናል።

ቁጥርስ አልነበረም ወይ የሚል አይጠፋም። ነበር። ችግሩ ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል። ለምሳሌ አሲስት የሚባል አለ፤ ኳስ አንስቶ ለሌላ ወርውሮ አውት ያስደረገ ሰው ይመዘገብለታል። ብዙ አሲስት ያለው ፈርስት ቤዝማን ጎበዝ ነው ትላላችሁ። በ1985 በአንድ ዓመት 184 አሲስት በማስመዝገብ በዚያ ቦታ አዲስ ክብረ ወሰን የያዘው ማን መሰላችሁ? ቢል በክነር! ምክንያቱም እግሩ ስለሚያመው ኳሱን አንስቶ ራሱ ቤዙን እንደመርገጥ ለፒቸሩ ይወረውርለት ነበር። እያንዳንዷ ውርወራ አሲስት ሆነች። የእግሩ ሕመም መዝገቡ ላይ ጉብዝና መሰለ።

ሽልማቱም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ከሄርናንዴዝ በፊት አራት ዓመት በተከታታይ ጎልድ ግላቭ የወሰደው ስቲቭ ጋርቪ እጁ የማይስት ጥሩ ተቀባይ ነበር፤ መወርወር ግን ያቅተው ነበር። በ1999 ደግሞ ራፋኤል ፓልሜሮ ፈርስት ቤዝ ላይ 28 ጨዋታ ብቻ ቆሞ ተሸለመ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል መቺ ብቻ ነበር። መራጮቹ ስሙን ለምደውታል፣ ጻፉት፣ አለቀ። ከ2013 ወዲህ የስታትስቲክስ መለኪያ ሩብ ያህል ድርሻ ተሰጥቶት እንዲህ ያለው ቅሌት ቀንሷል።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። በ1980ዎቹ «ጨዋታ ያሸነፈ ራን» ያስገባ ሰው የሚቆጠርበት ዓምድ ነበር። ሄርናንዴዝ በ1985 እንዲህ ያለ 24 ራን አስገብቶ ክብረ ወሰን ያዘ። ከ1988 በኋላ ሊጉ «ይህ ቁጥር ትርጉም የለውም» ብሎ ሰረዘው። ለሄርናንዴዝ የቆመች አንዲት ዓምድ ተገኘች፣ እሷም ተነሳች። እርግጥ ነው፣ ቁጥሯ በእውነትም ትርጉም አልነበራትም።

እንግዲህ ጋዜጠኞቹ በ1996 ድምፅ መስጠት ሲጀምሩ እጃቸው ላይ የነበረው ምንድን ነው? 162 ሆምረን፤ ሆምረን ማለት መቺው በአንድ ምት አራቱንም ቤዞች የሚዞርበት ነው። ፈርስት ቤዝማን ሆኖ 162 ማለት በእነሱ ዓይን ለማኝ ነው፤ እዚያ ቦታ የሚቆም ሰው ሦስትና አራት መቶ እንዲመታ ይጠበቃል። 2,182 ሂት፤ 3 ሺህ አልሞላም። ለማለፍ 75 በመቶ ያስፈልጋል፤ ከ5 በመቶ ያነሰ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ሄርናንዴዝ መጀመሪያ 5.1 አገኘ። በ1998 እስከ 10.8 ወጣ። በ2004 ወደ 4.3 ወርዶ ተሰረዘ።

ይህን ከስኮት ሮለን ጋር አስተያዩት። ሮለን ሰርድ ቤዝ ላይ ስምንት ጎልድ ግላቭ የወሰደ ተከላካይ ነው። በ2018 የመጀመሪያ ዓመት ድምፁ 10.2 በመቶ ነበር፤ ሄርናንዴዝ ከደረሰበት ጣሪያ እንኳ ዝቅ ያለ። በ2023 ግን 76.3 አግኝቶ ገባ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሮለን አንድም ኳስ አልያዘም፤ ጡረታ ወጥቷል። የተለወጠው የመራጮቹ መነጽር ነው። በመሐሉ መከላከልን ወደ ራን የሚመነዝሩ ስሌቶች ተለምደዋል፤ ከ2015 ጀምሮ በየስታዲየሙ የተተከሉ መሣሪያዎች ተከላካዩ የት ቆሞ እንደነበር፣ ስንት እርምጃ እንደሮጠ ይለካሉ። ሄርናንዴዝ የተሰረዘው ይህ መነጽር ከመለመዱ በፊት ነው።

መነጽሩን ወደ ኋላ አዙረው ሲያዩትስ? የድሮ ጨዋታዎችን መዝገብ መሠረት ያደረገው ግምት፣ ሄርናንዴዝ በሥራ ዘመኑ ከአማካይ ፈርስት ቤዝማን 120 ራን ገደማ በላይ እንዳስቀረ ያሳያል። በዚህ ቦታ ከቁንጮዎቹ ነው። ዋር የሚባለው ጠቅላላ መለኪያ ደግሞ አንድ ተጫዋች በተራ ተቀያሪ ቢተካ ቡድኑ ስንት ድል ያጣ እንደነበር ይገምታል። ሄርናንዴዝ 60 አካባቢ ነው። በ2022 መጨረሻ ኮሚቴው ያለ አንድ ተቃውሞ ያስገባው ፍሬድ መግሪፍ፣ ባለ 493 ሆምረኑ ፈርስት ቤዝማን፣ 53 እንኳ አይሞላም።

በሌላ በኩል ያለውን ክርክር ግን አላጣጥለውም። እነዚሁ ስሌቶች ፈርስት ቤዝን እንደ ቀላል ቦታ ነው የሚያዩት። ሾርትስቶፕ ሆኖ ዓመቱን ለተጫወተ ሰው 7.5 ራን ገደማ ይጨምሩለታል፤ ከፈርስት ቤዝማኑ 12.5 ይቀንሱበታል። ሎጂኩ ግልጽ ነው። ሾርትስቶፕ ፈርስት ቤዝ ላይ ቢቆም በሳምንት ይለምደዋል፤ ፈርስት ቤዝማን ሾርትስቶፕ ላይ ቢቆም ጉድ ይፈላል። ልብ በሉ ግን፣ የሄርናንዴዝ 60 ይህ ቅጣት ከተቀነሰበት በኋላ ነው።

ጓንት ብቻውን የትም እንደማያደርስም ቅርብ ጊዜ አይተናል። ሲያትል ማሪነርስ በ2019 ኖቬምበር ኢቫን ዋይት የተባለ ወጣት ፈርስት ቤዝማንን፣ ገና በዋናው ሊግ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት፣ ለስድስት ዓመት በ24 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ጓንቱ ተአምር ነው ተብሎ ነበር፤ አልዋሹም። በ2020፣ በኮቪድ ባጠረው ውድድር፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ጎልድ ግላቭ ወሰደ። ዱላው ግን ከመቶ 18 ሂት እንኳ አልሞላም። በሚቀጥለው ዓመት ዳሌውን ተጎዳ፣ ከዚያ በኋላ ለሲያትል ሜዳ ላይ አልታየም፤ በ2023 መጨረሻ ለሌላ ክለብ ተሰጠ። ሄርናንዴዝን ለየት የሚያደርገው ከጓንቱ ጋር ቤዝ ላይ መቆየት የሚያውቅ መቺ መሆኑ ነው። የሥራ ዘመን አማካዩ ከመቶ 30 ሂት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ በነፃ ቤዝ መውሰድም ያውቅበታል። የጎደለው ሆምረን ብቻ ነው።

የእግር ኳስ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የባሎን ዶርን ዝርዝር አውጡ። በረኛ ሆኖ የወሰደ አንድ ሰው ነው፤ ሌቭ ያሺን፣ በ1963። ከተከላካዮች የመጨረሻው ፋቢዮ ካናቫሮ ነው፣ በ2006። ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ተከላካይ ጠፍቶ ነው?

ሄርናንዴዝ በ1987 የሜትስ የመጀመሪያው አምበል ተባለ። ከዚያ ጉልበቱና ጀርባው ከዱት። በ1990 ክሊቭላንድ ሄዶ 43 ጨዋታ ብቻ ተጫወተና አቆመ። ከ2006 ጀምሮ የሜትስን ጨዋታ በቴሌቪዥን ይተነትናል፤ አጠገቡ የሚቀመጠው አብሮት ዋንጫ የበላው ፒቸር ሮን ዳርሊንግ ነው። ፈርስት ቤዝማን በተሳሳተ እግር ሲቆም ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። ጁላይ 9 ቀን 2022 ሜትስ 17 ቁጥርን ማንም እንዳይለብሰው ሰቀለለት።

በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ጁላይ፣ ጊል ሆጅስ ኩፐርስታውን ገባ። ሆጅስም ፈርስት ቤዝማን ነበር፤ በሊጉ በዚያ ቦታ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጎልድ ግላቮች የወሰደ። ኮሚቴው የመረጠው በ2021 ዲሴምበር ነው። ሰውየው የሞተው በ1972 ነው።

በዚህ ዘመን ተጫዋቾች ላይ የሚወስነው ኮሚቴ የሚቀጥለው ስብሰባ በ2028 ዲሴምበር ይመጣል። ሄርናንዴዝ ያኔ 75 ዓመት ሆኖታል።